ጥያቄ ሰባት

የቤርቢስ ወንዝ ጭቃውን በጀርባው ተሸክሞ
ከሆስፒታሉ አጥር ስር ያልፋል፣ እንደ ሰካራም አዝግሞ።
ቅዳሜ ሌሊት ነው። በእጄ እርሳስ፣ በፊቴ ቅጽ፣
ለእያንዳንዱ ቁስለኛ አንዳንድ ገጽ።

ከዋናው ከተማ የመጣው አጥኚ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣
«ሰባትን እንዳትዘይ» ብሎኛል፣ ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አድርጎ።
ሰባት፦ ዘር። ስድስት ትንንሽ ሳጥን፤
አንዷን ብቻ ማጥቆር ነው የተሰጠኝ ሥልጣን።
ስምንት፦ ጠጥተው ነበር? ዘጠኝ፦ ምን ያህል? መቼ?
እሞላለሁ እንግዲህ፣ ከመስኮቷ ኋላ ተጎልቼ።

መጀመሪያ ራምዴሆል ገባ፤ አገዳ ቆራጭ ነው፣
የገዛ ገጀራው ቅልጥሙን የቀመሰው።
ዓርብ ደመወዝ ተቀበለ። የቆረጠውን ሸንኮራ
ፋብሪካው ጨምቆ፣ ሩም አድርጎ፣ መልሶ ላከለት በተራ።
ቀን የጣለው አገዳ ማታ ዞሮ ጣለው።
«ሕንድ» አጠቆርኩ። «አዎ» አጠቆርኩ። «ብዙ»፤ ከዚህ ሌላ ምን አለው?
እናቱ መሐረቧን ነክሳ፣ «የእኛ ልጅ እንዲህ አልነበረም፤
ጥቁሮቹ ናቸው ያስለመዱት» አለች፣
ለእኔ፣ ለጥቁሯ። አልተቀየምኳትም።

ብዙም ሳይቆይ ኦስበርት መጣ፣ ከወደቡ ድልድይ ወድቆ፣
ትከሻው ከቦታው ወጥቶ፣ በሸሚዙ ታንቆ።
ሚስቱ ሳልጠይቃት፦ «ከሕንዶች ሰርግ ሲመለስ ነው እንዲህ የሆነው፤
በባልዲ ቀዱለት እንጂ፣ ባሌ ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው።»
«ጥቁር» ብዬ አጠቆርኩ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በጀልባ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ፣
ከወርቅ ጉድጓድ የወጣ ልጅ፣ የተጨፈለቀ እግሩን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ።
ዘበኛው፦ «የጫካ ሰው መጠጥ አይችልም፤ ከአፈጣጠሩ ነው» አለ።
ልጁ ግን፦ «አሠሪዬ የሳምንቱን ዋጋ በጠርሙስ ከፈለ።»
ለዚህ ሳጥን የለም።

ዴ ኖብሬጋ፣ ባለ ሱቁ፣ መንጋጋው በጠርሙስ ተሰብሮ፣
«እኔ አልጠጣም» ሲል ጻፈልኝ፣ «እሸጣለሁ» ሲል ጨምሮ።
ሰባት ላይ «ፖርቱጋል»፣ ስምንት ላይ «አልጠጣም»፤
ሳቄን ዋጥኩት፤ ሌሊቱ ገና ነው፣ ሐኪሙም አልመጣም።

ከዚያ እሷ።
ስሟ ኢንድራኒ ክላክስተን። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም፤
የተሰበረ ግራ እጇን በቀኟ ይዛለች፣
የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ እንደ ተቀበለች።
«ዘር?»
«አባቴ ሕንድ፣ እናቴ ጥቁር። ሁለቱንም አጥቁሪ።»
«አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው።»
«እንግዲያው ከሁለት ቁረጪኛ።»

ስምንት፦ አልጠጣችም። መሣሪያው ላይ ተነፈሰች፤ ቁጥሩ ዜሮ።
የጠጣው እቤት ተኝቷል፣ ሙሉ አካሉን፣ እያንኮራፋ፤
እሱ ቁስለኛ አይደለም፣ አይቆጠርም፤ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ።
ጠጪው ቆሞ ቀረ፣ ያልጠጣችው ወደቀች፤
ለአጥኚው ግን ከንጹሐን መካከል ተመዘገበች።
«የእሱስ ዘር?» አልኳት፤ ለምን እንደጠየቅኩ እንጃ።
መሳቅ ቃጣትና፦
«ሲጠጣ ነው፣ ሳይጠጣ?»

ሊነጋጋ ሲል ቅጿን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው።
በእርሳስ ጻፍኩበት፦ አሥራ ሦስት።
የጠጣው ማነው? የቀዳው? የሸጠው?
ሰኞ አጥኚው ያገኘዋል፤ ላጲስ አለው፣ አዲስ፣ ነጭ፤
ሁለቴ ሦስቴ ያሸዋል፣ ፍርፋሪውን እፍ ይላል።

የእኔን የጎን አጥንት የሰበረው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣
ከእኔው ሳጥን ነበር። ያኔ ቅጽ የለም፤
ይቺው መስኮት ላይ፣ ለሌላ ተረኛ፣
ከደረጃ ወደቅኩ አልኩ።
የምንኖረው ምድር ቤት ነበር።